የዘይነባ ስምንተኛ እጅ

(ጅማ ውስጥ በአንድ የንባብ ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጅማ ሰው ዝናብ አይፈራም ይባላል። ለበርጫ ሲሆን እውነት ነው፤ ለንግግር ሲሆን ግን እጠራጠር ነበር።

የተጋበዝኩት ስለ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ እንዳወራ ነው። ፍቅሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

አንድ ነጋዴ ሞተ እንበል። ሙስሊም ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። በሸሪዓው መሠረት ከንብረቱ ላይ በመጀመሪያ የቀብር ወጪ ይነሳል። ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል። ለሚስቱ ቃል ገብቶላት ያልሰጣት መህር ካለ እሱም ዕዳ ነው፤ ወራሽ እጁን ሳይዘረጋ በፊት እሷ ትቀበላለች። ከዚያ ኑዛዜው ይፈጸማል። የተረፈው ለወራሾች ይከፋፈላል። ሟች ልጅ ካለው ለሚስት ከስምንት አንድ፣ ልጅ ከሌለው ከአራት አንድ ይደርሳታል። ሚስቶቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ያችኑ አንድ እጅ ይካፈሏታል።

አሁን የምጽፈው ልብ ወለድ የሚነሳው ከዚህች ስምንተኛ እጅ ነው።

በፍቅር ታሪኮቻችን ውስጥ ባሏ የሞተባት ሴት ስትመጣ ንብረቷን አይተን አናውቅም። የምናየው እንባዋን ነው። ጥቁር ለብሳ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አማቷ ትነዘንዛታለች። ልጇ ይታመማል። ከዚያ አንድ ደግ ሰው ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይልና ያድናታል። ተከታታይ ድራማ የምታዩ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ሰውየው ደግሞ ሁልጊዜ መኪና አለው። (ሳቅ)

እኔ እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ አይጥመኝም። የተቸገረች ሴት ስታገባ አንባቢ እፎይ ይላል፤ መጽሐፉንም ይዘጋል። ራሷን የቻለች ሴት ስታገባ ግን እንፈራላታለን። ቤቱ የሷ ነው። በቅሎዎቹ የሷ ናቸው። የገበያው ሰው ቃሏን ያምናል። ይህን ሁሉ ይዛ ወንድ ምን ያደርግላታል? ካገባችስ ምን ያህሉ በእጇ ይቀራል? እንዲህ የምትጠየቅ ሴት ስትወድ፣ መውደዷ ዋጋ የሚያስከፍላት ነገር ይሆናል። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚያ ዋጋ ነው።

ባለታሪኬ ዘይነባ ትባላለች። በታሪክ የነበረች ሰው አይደለችም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ዘመኑና አገሩ ግን እውነተኛ ናቸው። ዘመኑ ከ1911 እስከ 1916 ዓ.ም. ነው፤ አገሩም ይኸው የእኛው ጅማ።

ለምን ያን ዘመን መረጥክ ላላችሁኝ፣ ጅማ ያኔ ራሷን የቻለች ቤት ነበረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ነው ዙፋን ላይ የወጡት። ለምኒልክ በሰላም ገብረው፣ ግብራቸውን እየላኩ አገራቸውን በራሳቸው ሥርዓት አስተዳድረዋል። ጎረቤታችን ከፋ ግን ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ተሸነፈ። ጅማ እስከ አባ ጅፋር መሞቻ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1932 ድረስ በዚያው ቆየች። ስለዚህ በዚህ ዘመን ቃዲውም፣ ኬላውም፣ ገበያውም የንጉሡ ነበር። በሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብበት ነበር ተብሎ ይገመታል። ዛሬ ሂርማታ መርካቶ ስትገቡ ለታክሲ ሰልፍ ከምትማረሩ ይህን አስቡ። ቡና፣ ዝባድ፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳ፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ፤ ዘልዬው አልሄድም።

እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። ከጅማ በበቅሎ የወጣ ዝባድና ቆዳ አዲስ አበባ ላይ ከደረሰ በኋላ ጅቡቲ ሩቅ መሆኗ ቀረ። ነጋዴው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ቸኮለ። የዘይነባም ባል ቸኮለ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የጠበቀው በሽታው ነበር። የኅዳር በሽታ የምንለው፣ ዓለም ሁሉ ያለቀበት ያ የሳንባ ጉንፋን ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። በከተማዋ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል ይባላል። መቃብር ቆፋሪ ጠፋ። ከዘይነባ ባል የተመለሰላት የሒሳብ ከረጢቱና ሁለት በቅሎ ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንድ ሰው «ይህ የዘንድሮ ሴት አስተሳሰብ ነው፤ ያን ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ራሷ መርጣ ታገባ ነበር እንዴ?» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ረቂቁን ያነበበልኝ ወዳጄም ይህንኑ ብሎኛል። እኔ ግን ታሪካችንን ሳገላብጥ ሌላ ነገር ነው የማገኘው።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከልጅነታችሁ የምታውቁትን ልጥቀስ። ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ነጋዴ ነበሩ። ባል ሞቶባቸዋል። ሀብት አላቸው፤ ሰው ቀጥረው ዕቃቸውን ወደ ሻም ይልካሉ። ከላኳቸው መካከል ወጣቱ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዱ ነበሩ። አብሯቸው የሄደው የኸዲጃ አገልጋይ መይሰራ ተመልሶ ስለ ታማኝነታቸው ነገራቸው። ከዚያ የጋብቻውን ሐሳብ ያነሱት ኸዲጃ ራሳቸው ናቸው፤ ወዳጃቸው ነፊሳ መልእክቱን አደረሱ። ይህን ታሪክ በየመድረሳው የተማረ የጅማ ሰው፣ ነጋዴ ሴት ያመነችውን ሰው ራሷ መረጠች ሲባል ሊደነቅ አይገባም። ሊቆጣ ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወደ ጎንደር ስንሄድ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብን እናገኛለን። አጼ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ነበር። እቴጌዪቱ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ቁስቋምን አሠሩ። እዚያው ሳሉም የሟች ባላቸውን የእህት ልጅ ወደዱ። በዕድሜ ያንሳቸዋል። ስሙ ኢያሱ ነው፤ አገሩ «ምልምል ኢያሱ» እያለ አሾፈበት። ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱለት፤ አንዷ በኋላ ስሟ የገነነው ወይዘሮ አስቴር ናት። መኳንንቱ አጉረመረሙ፤ የሰውየውም መጨረሻ አላማረም። ለኔ ግን ይበልጥ የሚገርመኝ እቴጌዪቱ ነገሩን ለመደበቅ ብዙም አለመድከማቸው ነው። ሥልጣኑ በእጃቸው ነበር። ዘይነባ ዘውድ የላትም። ያላት ሚዛን ነው። ሐሜቱ ግን እኩል ነው፤ ለሐሜት ቤተ መንግሥትና ጓሮ ልዩነት የለውም።

ከዚሁ ከአባ ጅፋር መቀመጫ፣ ከጅሬንም አንዲት ሴት አለች። የአባ ጅፋር እናት ገኔ ጉሚቲ። ባላቸው አባ ጎሞል ሲሞቱ ልጃቸው ገና ወጣት ነበር። ለምኒልክ በሰላም ገብር፣ አገርህን አታስፈጅ ብለው የመከሩት እናቱ ናቸው ይባላል። ጅማ እንደ ከፋ ሳትቃጠል የቀረችው በአንዲት ባሏ በሞተባት ሴት ምክር ነው ማለት ነው። የአባ ጅፋርን ግቢ ልታዩ ስትወጡ ያን ከእንጨት የተሠራውን ሰገነት ቀና ብላችሁ ከማየታችሁ ጋር ስለ እኚህ ሴት አስጎብኚውን ጠይቁት። የንጉሡን ቁመት ብቻ ነግሮ ሊለቃችሁ ይችላል።

ወደ ዘይነባ ልመለስ።

የመጀመሪያ ፈተናዋ ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። በኦሮሞ ባህል ዻላ የሚባል፣ የሟች ወንድም የወንድሙን ሚስት የሚወርስበት ልማድ አለ። በሌላውም የአገራችን ክፍል እንዲሁ ነበር። ዓላማው ልጆቹም ከብቱም ከዘመድ እጅ እንዳይወጡ ነው። ቁርኣኑ ሴትን ያለ ፈቃዷ መውረስን ይከለክላል። መጽሐፉ የሚለውና ሰፈሩ የሚያደርገው ግን ሁልጊዜ አይገጥሙም። ዋርሳዋን ክፉ ሰው አላደረግሁትም። እጅ ነስቶ ይገባል፤ ማር ይዞ ይመጣል። «የወንድሜ ቤት እንዳይፈርስ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው። በዚያውም ላይ በቅሎዎቹን በዓይኑ ይቆጥራል። ሰው ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፈተና ዒዳ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ትጠብቃለች። አታጌጥም፤ ሽቶ አትቀባም፤ ያለ ጉዳይ ከቤቷ አትወጣም፤ አታገባም። ዛሬም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት 180 ቀን እንድትጠብቅ ያዛል፤ ከወለደች ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን አያስጠብቃትም። የሁለቱም አንድ ምክንያት የልጁ አባት እንዳይምታታ ነው።

ለጸሐፊ ግን ዒዳ ትልቅ ሲሳይ ነው። ሕጉን ላነበበው ሰው ማለቴ ነው። በዒዳ ላይ ያለችን ሴት በግልጽ ለጋብቻ መጠየቅ አይፈቀድም። ጠቆም ማድረግ ግን ችግር የለውም፤ ቁርኣኑ ራሱ ይህን ለይቶ ያስቀምጠዋል። አስቡት እንግዲህ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት አራት ወር ሙሉ በጥቆማ ብቻ የሚነጋገሩበት ቤት። የዛሬ ልጆች በአንድ ምሽት በቴሌግራም የሚጨርሱት ነገር።

ሰይድ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው። ጅማ ያን ጊዜ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች፤ ዑለማዎችና ደረሶች ከሩቅ አገር ይመጡባት ነበር። ሰይድም ቂርኣት ብሎ ከቤቱ ወጣ። መንገድ ላይ ግን ገንዘብ ቸገረውና አዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ጥቂት ዓመት ቆየ። እዚያ የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍና ማንበብ ለመደ። ዘይነባ ዝባድ ትለያለች። በመዳፏ ላይ አሽታ ስታሸተው ቅቤ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ታውቃለች። ቡናን በእፍኟ ዘግና እርጥበቱን ትነግራችኋለች። የአማርኛ ፊደል ግን አትቆጥርም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ በሙሉ በአማርኛ ነው፤ የባሏ ዕዳና ገንዘብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አንባቢ ያስፈልጋታል።

አንዱን ምዕራፍ ላንብብላችሁ። ረቂቅ ነው፤ ስሕተቱን ታልፉታላችሁ።

«ደብዳቤው ረጅም ነበር። ሰይድ በመጋረጃው ወዲያ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያነበበ ነው። ልጅቷ ቡናውን ቀድታ በስተ ቀኙ አኖረችለት። አልነካውም።

‹ሁለት መቶ ብር ቀሪ አለብን ይላሉ፣ እሜቴ። ለቆዳው ብለው ሟች የወሰዱት ነው ይላሉ። ምስክሮቹንም ጽፈዋል።›

‹እሱን አውቀዋለሁ። ቀጥል።›

‹በመጪው ጥቢ ጊቤ ሲጎድል ሰው ላኩልን ይላሉ።›

‹ቀጥል።›

ሰይድ ዝም አለ። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ዘይነባ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና የወረቀቱን ድምፅ ሰማች።

‹አለቀ?›

‹አላለቀም፣ እሜቴ። የቀረችው መስመር ስለ እኔ ናት።›

‹አንብባት።›

‹ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ የወሎው ሰይድ ከሆነ፣ ከቤቴ ለምን እንደወጣ ይጠይቁት ይላሉ።›

ልጅቷ ረከቦቱን መወልወል አቆመች።

‹ለምን ወጣህ?›

‹ከሣጥኑ አሥራ ሁለት ብር ወስጄ። እናቴ ሞታ መልእክተኛ መጣብኝ፤ መክፈኛ ላክሁ። በሦስተኛው ወር መለስሁት። ሲቆጥሩ ግን ደረሱብኝ።›

ዘይነባ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ዘላት ቢሆን ማን ያውቅ ነበር ብላ አሰበች። ጅማ ውስጥ ይህን ወረቀት የሚያነብላት ሌላ ሰው ማን አላት?

‹ቡናህ በረደ› አለችው። ‹ነገ በጠዋት ና። ዝባድ ይመዘናል፤ የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ።›»

ይኸው ነው። የልብ ወለዱ የፍቅር ትዕይንት ይኸው ነው። ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ሊመስል ይችላል። አንድ ወጣት ጸሐፊ «መቼ ነው የሚሳሳሙት?» ብሎኛል። ልክ ነው፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው። ግን ዘይነባን በምን ልታሸንፏት ትችላላችሁ? በቁንጅና? አይታዋለች፤ የሞተው ባሏ መልከ መልካም ነበር፤ ሁለት መቶ ብር ዕዳ ነው የተወላት። በገንዘብ? ከሱ ይልቅ እሷ አላት። በጣፋጭ ቃል? ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ላይ የምትውል ሴት ናት፤ ጣፋጭ ቃል በፈረሱላ ነው የምትሰማው። ያላየችው ነገር፣ በራሱ ላይ የሚመሰክር ወንድ ነው። መዝለል እየቻለ ያልዘለለ። ያልጠበቀችው ይህን ነው።

የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው እንጂ በአማርኛ አይደለም፣ እኔ በአማርኛ ስለምጽፍ ነው እንዲህ የሆነው። በሁለቱም ቋንቋ ግን እሱ ያከብራታል፤ እሷ አታከብረውም። በዕድሜም ትበልጠዋለች። ይህ አጠራር የሚቀየርበት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጬበታለሁ። የት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ መጽሐፉን ማን ይገዛኛል? (ሳቅ)

አሁን ቅድም ያልኳችሁን ነገር ላንሳ። ቅድም ባነበብኩት ውስጥ ቡናውን የቀዳችው ልጅ ማን ናት?

አስተውላችኋት ከሆነ አላውቅም። ስም አልሰጠኋትም። ስትቀዳ አየን፣ ስትወለውል አየን፣ አለፍናት። ብዙ ታሪካዊ ልብ ወለዶቻችን እንዲህ ናቸው። ጌታና እመቤት ይዋደዳሉ፤ በመካከል አንድ ሰው ውኃ ያቀርባል፤ እግር ያጥባል። ያ ሰው ከየት መጣ አይባልም። የጅማን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ አያዋጣም። ከጎጀብ ማዶ፣ ከደቡቡ አገር የተያዙ ሰዎች በዚህ በኩል ያልፉ ነበር። ሂርማታ የባሪያ ገበያ ነበረባት። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ከተጠየቀችበት ነገር ዋናው ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ የዘይነባ ባል ሲሞት ልጅቷም ከውርሱ ናት። ስምንተኛ እጅ ሲሰላ እሷም ከበቅሎው፣ ከቡናው፣ ከጠገራው ብር ጋር ትገመታለች። በመጽሐፉ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲያካፍሉ ዘይነባ «በቅሎዋ ትቅርብኝ፣ ልጅቷን ስጡኝ» ትላለች። ደግ ነገር ያደረገች ይመስላታል። ለሌላ እንዳትሸጥ አዳንኳት ብላ ነው የምታስበው። ማታ ላይ ግን ቡናውን የምትቀዳው ያችው ልጅ ናት።

ዘይነባ ነጻ ታውጣት፣ አንባቢም ያጨብጭብ ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ባሪያ ነጻ ማውጣት በሃይማኖቱም ትልቅ ምንዳ ያለው ነው፤ ምክንያት አላጣም ነበር። ግን አልጻፍኩትም። እኛ «ራሷን የቻለች ሴት» ስንል ደስ ይለናል። የዘይነባ ጊዜ ከየት መጣ? ገበያ ስትውል እቤት እንጨቱን ማን ለቀመ? ውኃውን ከአዌቱ ማን ቀዳ? ራሷን የቻለችው በሌላ ሴት ትከሻ ነው። ይህን ካልጻፍኩ ዘይነባን ሳይሆን አሻንጉሊት ነው የምጽፈው። ፍቅሯንም ማንም አያምነኝም።

ልጅቷ ደግሞ ጆሮ አላት። ከመጋረጃው በየትኛው ወገን ያለውን ቃል ነው ያልሰማችው? ሁለቱ በጥቆማ ሲነጋገሩ፣ ጥቆማውን ከነሱ ቀድማ የገባት እሷ ናት። ዋርሳው ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ከጓሮ በኩል ጠርቶ፣ የምታውቂውን ንገሪኝ፣ ርስቱ በእጄ ሲገባ ነጻነትሽን እሰጥሻለሁ ይላታል። ነገረችው። ረቂቁን ያነበቡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ልጅቷን ጠሏት። «ከሃዲ» አሏት። እኔ ደግሞ እነሱን ጠየቅኳቸው፦ ማንን ነው የካደችው? ለማን ነው ታማኝ መሆን የነበረባት? ይህን ጥያቄ ዛሬም ለእናንተ እተወዋለሁ። በበኩሌ ከመጽሐፉ ሁሉ ከልቤ የምወዳት እሷን ነው፤ ከምዕራፍ ስምንት ጀምሮ ስም አላት፣ ታሪኩንም የምትተርከው እሷ ናት።

የፍቅር ልብ ወለድ ለምትጽፉ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ገጸ ባሕርያችሁ ምን እንደምትበላ፣ ገንዘቧ የት እንደተቀመጠ፣ ቁልፉ በማን ወገብ ላይ እንደታሰረ ሳታውቁ ስለ ልቧ አትጻፉ። ዘይነባ ብሯን የምታኖረው ጀንፈል በሞላ ጆንያ ውስጥ ነው። ሰይድ ይህን የሚያውቅበት ቀን አለ። እሷ ነግራው አይደለም፤ ጆንያውን አንሣልኝ ስትለው ክብደቱ የቡና አልሆነበትም። አስቀመጠው። ምንም አልጠየቀም። እሷም እንዳወቀ አወቀች፤ ጆንያውን ግን ከቦታው አላነሣችውም። ይህችን ትዕይንት ከጻፍኩ በኋላ «ወደደችው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ውስጥ ሰረዝኩት።

መጨረሻውስ? ያገባሉ ወይ? ይህን የማይጠይቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዒዳው አልቋል። ወሬው ወጥቷል። ዋርሳው ለሽማግሌ ነግሯል። አንድ ጊዜ አግብታ የነበረች ሴት በሃይማኖቱ አፍ አውጥታ «እሺ» ማለት አለባት፤ እንደ ልጃገረድ ዝምታዋ እሺታ ተብሎ አይቆጠርላትም። ይህ ለዘይነባ ጠቅሟታል፤ ዋርሳው ዝም አለች ብሎ ሊያስርባት አይችልም። ንብረቷም ብታገባ ባሏ የሚወስደው አይደለም፤ የራሷ ሆኖ ይቀራል። ሰይድም ይህን በጽሑፍ ላድርግልሽ ብሏታል። የሚጽፈው ግን እሱ፣ የማታነበው እሷ። ሳቀችበት። «በአረብኛም አስጽፈው፣ ቃዲው ያንብብልኝ» አለችው። ማመን ሌላ፣ መፈረም ሌላ።

የቀረው ወሊይ ነው፤ ሴቲቱን የሚድራት የቅርብ ወንድ ዘመድ ማለት ነው። አባቷ ሞቷል። ዋርሳው ወሊይ ሊሆን አይችልም፤ የደም ዘመዷ አይደለም። ወሊይዋ ወንድሟ ነው፤ እሱ ያለው አዲስ አበባ። ወሩ ሐምሌ ነው። ጊቤ ሞልቷል፤ የሲራራ ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን አውርዶ መስከረምን እየጠበቀ ነው፤ ቆላው ንዳድ ነው። ወንድሟ እስኪመጣ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ ዋርሳው ብዙ ይሠራል። ወሊይ ሩቅ ከሆነና ሊደርስ ካልቻለ ቃዲው በቦታው ሆኖ ሊያጋባ የሚችልበት መንገድ አለ። መንገዱ ሕጋዊ ነው። ግን ወንድሟ ከመስከረም በኋላ መጥቶ እህቱ ሳትጠብቀው አግብታ ቢያገኛት፣ በሷ ዕድሜ ሁሉ የማይሽር ቅያሜ ነው። ወንድሟ ደግሞ አዲስ አበባ ያለውን ሸቀጧን የሚይዝላት ሰው ነው። ልብም ሒሳብም አንድ ላይ ተጠላልፈዋል።

እስካሁን ዘይነባን ቃዲው ዘንድ አላኳትም። ሁለቱንም መጨረሻ ጽፌአለሁ፤ በሁለቱም አላመንኩም። በአንደኛው ወንድሟን ትጠብቃለች፤ በሌላው አትጠብቅም። ከመካከላችሁ ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ቤት ያስተዳደሩ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ በድጋሚ ያገቡ ወይም አላገባም ያሉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለ ታሪኩ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን እኔ ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ ቃዲው ዘንድ ሰው ትልኩ ነበር? ከፊት ያሉት እናት እጃቸውን አንሥተዋል፤ ማይኩን ስጧቸው።